ቶንሲል ውስጥ ምን ይሠራል? ከመቧጠጣችሁ በፊት አንብቡት

ሞጣም ሆነ ቢቸና ያደገ ሰው «እንጥሉ ወርዷል» ሲባል ሰምቷል። ልጁ ጉሮሮውን ያመዋል፣ መዋጥ ያቅተዋል፤ ከዚያ ወይ እንጥሉ ይቆረጣል ወይ ቶንሲሉ በጣት ይቧጠጣል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። እንጥል ከላንቃ መሃል የምትንጠለጠለዋ ሥጋ ናት። ቶንሲል ደግሞ ጉሮሮ መግቢያው ላይ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት እጢዎች ናቸው። እንጥል ስለተቆረጠ የቶንሲል ሕመም አይድንም።

የቶንሲል ላዩ ልሙጥ አይደለም፤ ወደ ውስጥ የሚገቡ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ስርጉዶች አሉት። በአፍና በአፍንጫ የገባ ጀርም እዚያ ይያዛል። ከሥር የሚጠብቁት በብዛት ቢ ህዋሶች ናቸው። መቅኔ ውስጥ ተወልደው ነው የሚመጡት፣ ቶንሲል ሲደርሱ ግን ገና ጥሬ ናቸው። ከጀርሙ ጋር የሚገጥመው ቢ ህዋስ ጀርሚናል ሴንተር ወደሚባል ክብ ሰፈር ይገባና ይባዛል። እየተባዛ አንቲቦዲ የሚሠራበትን ጂን ይቀያይራል። ጀርሙን አጥብቆ የሚይዘው የቲ ህዋስ እርዳታ አግኝቶ ያልፋል፤ የወደቀው እዚያው ሞቶ በሌሎች ህዋሶች ይበላል። ወዳቂው ብዙ ነው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና በስንት ጣዕሙ! ያለፈው ወይ አንቲቦዲ የሚያመርት ፕላዝማ ህዋስ ይሆናል፣ ወይ ጀርሙን ለዓመታት የሚያስታውስ ህዋስ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ከባርሴሎና የተመራ ቡድን ከ550 ሺህ በላይ የቶንሲል ህዋሶችን አንድ በአንድ መርምሮ 121 ዓይነትና የብስለት ደረጃ ለይቷል። በዚች ትንሽ እጢ ውስጥ!

ስለዚህ የልጅ ቶንሲል ትልቅ መሆኑ ብቻውን በሽታ አይደለም። በልጅነት ሥራ ስለሚበዛበት ያድጋል፣ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ ይሄዳል።

ዝም የማይባለው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲገባ ነው። ካልታከመ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች፣ ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀው መከላከያ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ተሳስቶ የራሱን የልብ ቫልቭ ሊያጠቃ ይችላል። ሩማቲክ የልብ በሽታ የሚባለው ከዚህ ይመጣል፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ወጣት የልብ ሕመምተኛ ያደረገው እሱ ነው። መቧጠጥ ይሄንን አያስቆምም፣ እንዲያውም ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ይጨምራል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዶች ቆጥሮ ያስቀጣል።

የሚያስቆመው ፔኒሲሊን ነው፤ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ልብን ያተርፋል። ልጁ ትኩሳት ካለው፣ ሳል ሳይኖር ጉሮሮው ከቀላ ወይ ነጭ ነገር ከያዘ፣ አንገቱ ሥር ካበጠ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ክኒን ከታዘዘ ደግሞ «ተሻለው» ብላችሁ በሦስተኛው ቀን እንዳታቋርጡ።