ለቪዲዮ ቅንብር የሚውል ኮምፒውተርን በአነስተኛ ወጪ ማሻሻል

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ቪዲዮ መቅረጽና ማቀናበር ለብዙዎች የእንጀራ ገመድ ነው። ኢቢኤስ ቴሌቪዥን በ2008 እ.አ.አ. ሥራውን የጀመረው መቀመጫውን ሲልቨር ስፕሪንግ አድርጎ ነበር። በፌርፋክስ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢያቸው ደግሞ ሠርግና መልስ፣ ክርስትናና ምረቃ የሚቀርጹ፣ የዩቲዩብ ዝግጅት የሚያሰናዱ፣ የአብያተ ክርስቲያናትን ጉባኤ የሚያስተላልፉ ባለሙያዎች ሥራቸውን በአብዛኛው የሚሠሩት በቤታቸው፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ነው። ካሜራው ከሦስት ዓመት ወዲህ የተገዛ፣ ኮምፒውተሩ ግን የሰባትና የስምንት ዓመት ዕድሜ ያለው ይሆናል። ምስሉ ይንቀራፈፋል፣ ድምፁ ይቀድማል፣ በሳምንት ይደርሳል የተባለው የሠርግ ቪዲዮ ወር ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ሁለት ሺህ ዶላር አውጥቶ አዲስ ኮምፒውተር መግዛትን ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ወጪ፣ ችግሩን ማቃለል ይቻላል።

ለመለዋወጫ ሸመታ የፌርፋክስ ነዋሪ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል። በነትሊ ጎዳና የሚገኘው ማይክሮ ሴንተር የኮምፒውተር ዕቃዎችን በአካል ዐይቶ መግዛት ከሚቻልባቸው ጥቂት ትልልቅ መደብሮች አንዱ ነው። ሆኖም ወደ መደብሩ ከመሄድ በፊት የሚያንቀው የትኛው ክፍል እንደሆነ ማወቅ ይገባል። በዊንዶውስ ላይ «ታስክ ማኔጀር» የተባለውን መቆጣጠሪያ ከፍቶ፣ የቅንብር ፕሮግራሙ ቪዲዮውን እያጫወተ ሳለ ግራፎቹን መመልከት በቂ ነው። የማስታወሻው መስመር ከዘጠና በመቶ በላይ ከቆመ ጉድለቱ የራም ነው። ዲስኩ መቶ በመቶ ከሆነ የማከማቻው ነው። ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ ተጠምዶ ግራፊክስ ካርዱ ያለ ሥራ የተቀመጠ እንደሆነ ግን ጥፋቱ ከዕቃው ይልቅ የቪዲዮው ፋይል የተቀረጸበት ስልት ሊሆን ይችላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈስበት በመሆኑ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። የዛሬ ካሜራዎችና ስልኮች ኤች.264 ወይም ኤች.265 በሚባሉ የማመቂያ ስልቶች ይቀርጻሉ። በእነዚህ ስልቶች እያንዳንዱ ምስል ሙሉ ሆኖ አይቀመጥም። አንዱ ምስል ሙሉውን ሲይዝ፣ ቀጥለው የሚመጡት «እንደ ቀድሞው ነው፤ የተለወጠው ይህ ብቻ ነው» የሚል መልእክት ብቻ ይይዛሉ። ፋይሉ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። አቀናባሪው ጠቋሚውን ወደ አንድ ቦታ በወሰደ ቁጥር ግን ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ምስል መፈለግና የተለወጠውን ሁሉ አንድ በአንድ መደመር አለበት። ሦስት ካሜራ ጎን ለጎን ሲቀናበር ይህ ድካም በሦስት ይባዛል።

ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ የ4ኬ ካሜራ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት፣ በሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። ሦስት ካሜራ በአንድነት 37.5 ሜጋባይት ነው። ይህን ቁጥር አሮጌ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እንኳ በወረቀት ላይ ይችለዋል። ስለዚህ እጅግ ፈጣንና ውድ ዲስክ መግዛት ብቻውን መንቀራፈፉን አያጠፋውም፤ የሚደክመው የታመቀውን የሚፈታው ክፍል ነውና።

ለዚህ ያለ ወጪ የሚገኘው መፍትሔ «ፕሮክሲ» ይባላል። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ቪዲዮ ቀለል ያለ፣ መጠኑ ያነሰ ቅጂ ያዘጋጃል፤ አቀናባሪው በቅጂው ላይ ይሠራል፤ ሥራው ሲያልቅ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ዋናው ፋይል ተመልሶ በሙሉ ጥራት ያወጣዋል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻው ቅጂው ይህን ይፈቅዳል፤ አዶቢ ፕሪሚየርም እንዲሁ። ቅጂውን ማዘጋጀት ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማታ አስጀምሮ መተኛት የተለመደ ዘዴ ነው። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ድምፁና ምስሉ የማይገጥም ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ በሰከንድ የሚቀርጸው የምስል ብዛት ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍጥነት መለወጥ ይቻላል።

ፕሮክሲ ካልበቃ ወደ ዕቃ ግዢ ይኬዳል። ለሙሉ ኤችዲ ሥራ 16 ጊጋባይት ራም ዝቅተኛው ሲሆን ለ4ኬ 32 ጊጋባይት ይመረጣል። አንድ ትልቅ ቁራጭ ከመሰካት ሁለት እኩል ቁራጮች መሰካት ፍጥነትን ይጨምራል። የራም ዋጋ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ከሚውለው ከፍተኛ ፍላጎት የተነሳ በጣም በመናሩ፣ ቀድሞ ርካሹ ማሻሻያ የነበረው ይህ ግዢ ዛሬ መታሰብ ያለበት ሆኗል። ያገለገለ ራም መግዛት ነውር የለውም፤ ዓይነቱ ግን ዲዲአር4 ይሁን ዲዲአር5 አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ኮምፒውተሩ እስካሁን በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ኤስኤስዲ መግዛት ያዋጣል። ተራው የሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ለአብዛኛው ቅንብርም ይበቃል። አሮጌው ዲስክ ያለቁ ሥራዎች ማኖሪያ ይሆናል።

የግራፊክስ ካርድ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስሙ የገነነ የጨዋታ ካርድ ሁሉ ለቪዲዮ አይመችም። 4፡2፡2 ባለ 10 ቢት በሚባለው የቀለም አያያዝ በኤች.265 ለሚቀርጹ ካሜራዎች፣ ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አብሮ የተሠራላቸው ግራፊክስ ፋይሉን በቀጥታ ይፈታል፤ የኤንቪዲያ ካርዶች ግን ይህን የቻሉት በ2025 ከወጣው የ50 ተከታታይ ጀምሮ ነው። ርካሾቹ የኢንቴል አርክ ካርዶችም ይህን ይሠራሉ። በስማቸው መጨረሻ «ኤፍ» ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የላቸውም፤ በጥቂት ዶላር ቅናሽ ተስቦ እነርሱን የገዛ አቀናባሪ ዋናውን ጥቅም አጥቷል። በዊንዶውስ ላይ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂ ይህን የግራፊክስ እገዛ በአመዛኙ እንደማይጠቀምም መታወቅ አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈልበት የስቱዲዮ ቅጂ 295 ዶላር ሲሆን፣ ጥሩ ካርድ እያለው ለሚቸገር ሰው ከሌላ ካርድ ይልቅ እርሱ ሊሻል ይችላል።

ከቢሮ የወጡ ጠባብ ኮምፒውተሮችን በርካሽ ገዝቶ ማሻሻል የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ይለካ፦ የሳጥኑን ስፋትና የኃይል ማቅረቢያውን ዋት። ብዙዎቹ አጭር ካርድ ብቻ ይቀበላሉ፤ የኃይል ማቅረቢያቸውም በተራ ዕቃ አይተካም። በላፕቶፕ ላይ ራሙ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ መሆኑ እየበዛ መጥቷል። ኤም በሚባሉት የአፕል ቺፖች የተሠሩ ማክቡኮች ፈጽሞ ራም አይጨመርላቸውም።

ማሻሻል የማያዋጣበት ወሰንም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.አ.አ. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በፊት ያሉትን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከዚያ ትውልድ በፊት በተሠራ ኮምፒውተር ላይ ራምና ካርድ መጨመር ገንዘብን መበተን ነው፤ ወደ አዲሱ የሚዛወር ኤስኤስዲ ብቻ ቢገዛለት ይሻላል።

ዕድሜው ያለፈውን ኮምፒውተር የፌርፋክስ ካውንቲ በዌስት ኦክስ መንገድ ባለው የአይ 66 ጣቢያ ከነዋሪዎች ይቀበላል። የደንበኞች ሠርግና የቤተሰብ ምስል ያለበት ዲስክ ግን ከመሰጠቱ በፊት ተነቅሎ መውጣት አለበት። ፋይሉን መሰረዝ ብቻውን አያጠፋውም።