ቡድኑ የማን ነው? የቺካጎ ዩኒቨርሲቲና የፉትቦል ሜዳው



ስፖርት በዩኒቨርሲቲ ሕይወት ስላለው ስፍራ ሲነሣ ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንዱ ጨዋታ ኅብረትን ይፈጥራል ይላል፤ ሌላው ከትምህርት ያዘናጋል ይላል። ዛሬ የማወጋችሁ ሁለቱንም በየተራ ስለሞከረ ዩኒቨርሲቲ ነው።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1892 ማስተማር ሲጀምር የጆን ሮክፌለር ገንዘብ ነበረው፤ የቆየ ወግ ግን አልነበረውም። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬኒ ሃርፐር የዕብራይስጥ ሊቅ ነበሩ። እኚህ ሊቅ በዬል ያስተማሩትን አሞስ አሎንዞ ስታግን ጠርተው በአሰልጣኝነት ብቻ ሳይሆን በተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕርግ ሾሟቸው። ነገሩን እኔ እንዲህ እረዳዋለሁ፦ ከየአቅጣጫው የመጡ ወጣቶች ሁሉ በአንድ የትምህርት ክፍል አይገናኙም፤ በአንድ ሜዳ ዙሪያ ግን ይገናኛሉ። ኳሱ በአብዛኛው በእጅ የሚያዝበት የአሜሪካ ፉትቦል ለአዲሱ ተቋም የጋራ ትዝታ ሆነለት። በ1905 ቺካጎ በ56 ጨዋታዎች ሳይሸነፍ የቆየውን ሚሺጋንን 2 ለ 0 ሲረታ፣ ዩኒቨርሲቲው ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር።

ይሁን እንጂ ጨዋታው እየገነነ ሲሄድ ተመልካቹም ገንዘቡም በዛ። በ1929 ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮበርት ሃቺንስ በ1938 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የመግቢያ ገቢና ዝና የኮሌጅ ስፖርትን ከትምህርት እንዳራቁት ተከራከሩ። ሌሎች ተጫዋች ሲመለምሉ ቺካጎ የትምህርት መመዘኛውን አላላላም፤ ቡድኑም ደከመ። በ1939 ያው ሚሺጋን 85 ለ 0 አሸነፈው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ፉትቦልን አስቀረ።

ባዶ የቀረው የተመልካች መቀመጫ ሌላ ታሪክ ይጠብቀው ነበር። ከሥሩ በነበረው የቤት ውስጥ መጫወቻ ክፍል ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቻቸው በታኅሣሥ 2 ቀን 1942 ራሱን የሚያስቀጥል የመጀመሪያውን የኑክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት አስጀመሩ። ዛሬ በቀድሞው ሜዳ ላይ የዩኒቨርሲቲው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ቆሟል።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙትና መጽሐፍ ኳስን አሸነፈ ይላሉ። እኔ ግን አላቆመውም። በ1960ዎቹ ተማሪዎች ራሳቸው ጨዋታውን መልሰው ጠየቁ፤ በ1969ም የዩኒቨርሲቲው ቡድን እንደገና ተቋቋመ። የተመለሰው ግን የቀድሞው ትርኢት አልነበረም። ተጫዋቾቹ ለጨዋታቸው የስፖርት ነጻ ትምህርት ዕድል የማይሰጣቸው፣ እንደ ጓደኞቻቸው ለፈተና የሚቀመጡ ተማሪዎች ናቸው።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ ሃርፐር ወጣት ተቋም የጋራ ደስታና የጋራ ሐዘን እንደሚያስፈልገው በማየታቸው አልተሳሳቱም። ሃቺንስም ቡድኑ የተመልካቹ ንብረት ሲሆን ዩኒቨርሲቲው ባዕድ እንደሚሆን በማየታቸው አልተሳሳቱም። በሀገራችንም ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ገና ወጣት ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውም ከሩቅ ለሩቅ ተሰባስበው አንድ ግቢ ይጋራሉ። ስለዚህ ቡድን ስናቋቁም ስንት ዋንጫ ያመጣል ከማለታችን በፊት፣ ማን ይጫወትበታል፣ ከማን ጋር ያስተዋውቀዋል ብለን ብንጠይቅ ይበጀናል እላለሁ።