ቁናና ገማች በጎጃም

እንደ ሉማሜ ባሉ የጎጃም ደጋ ገበያዎች እህል በሚዛን ሳይሆን በቁና ይሰፈር ነበር፤ በብዙ ስፍራም 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባላል። በኬፕ የሠፈሩት ሆላንዶችም እንዲሁ ይሰፍሩ ነበር፤ 4 ስኼፐል አንድ ሙድ ይሆን ነበር። ነገር ግን ቁና በእጅ የሚሰፋ ዕቃ ነውና የአንዱ አገር ከሌላው አይተካከልም፤ አናቱ ይቆለል ወይስ አፉ ይስተካከል የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

ዐሥራት ግን ብዙ ጊዜ በቁና ሳይሆን በዓይን ይገመት ነበር። ገማቹ አዝመራውን አይቶ ይፈርዳል፤ ገበሬውም ይከፍላል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐሥራትን ሲተካ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ሊለካ፣ ርስቱም ሊነጠቅ ነው ብሎ ሸፈተ። ዐመፁን በግብሩ ክብደት ብቻ መተርጐም ለእኔ አይበቃም፤ በገዛ ቁናው የሚሰፍር ሰው የባዕድ ዓይን አላመነም። ኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ግብር ማሩ።