ከስክሪን ምስል የሚመነጭ የሶፍትዌር ፍተሻ እና የአማርኛ ገጾች፦ ታሪካዊ ቅኝት

የሶፍትዌር ፍተሻ ለብዙ ዘመን በኮድ ላይ የተመሠረተ ሥራ ነበር። ፈታሹ ምን እንደሚጫንና ምን ውጤት እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ይጽፋል፤ ይህ ጽሑፍ የፍተሻ ጉዳይ ይባላል። አውቶማቲክ ፍተሻም በስክሪን ላይ ያለውን ቁልፍ በኮድ ውስጥ በተሰጠው መለያ ይጠራው ነበር እንጂ በመልኩ አያውቀውም።

እ.ኤ.አ. በ2009 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይፋ የሆነው ሲኩሊ ይህን ልማድ ለወጠ። ስያሜው ከሜክሲኮ የዊቾል ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «የእግዚአብሔር ዓይን» ማለት ነው። ፈታሹ የቁልፉን ምስል ቆርጦ ከትእዛዙ መካከል ያስገባል፤ ፕሮግራሙም ያንኑ ምስል በስክሪኑ ላይ ፈልጎ ይጫናል። ሲኩሊ ምስልን ከምስል ሲያመሳስል ማንበብ አላስፈለገውም። ስለዚህ «አስቀምጥ» የሚለው የአማርኛ ቁልፍ ከእንግሊዝኛ አቻው ጋር በእኩል ዓይን ታየ። መሃይምነቱ ለግዕዝ ፊደል በጀው ማለት ይቻላል።

ጂፒቲ-4ን የመሳሰሉ ምስል ተቀባይ የቋንቋ ሞዴሎች ከ2023 ጀምሮ ሲመጡ ግን ማሽኑ ማንበብ ጀመረ። የገጹን ምስል አይቶ፣ ጽሑፉን አንብቦ፣ ዓላማውን ገምቶ የፍተሻ ጉዳዮቹን ራሱ ይጽፋል። ቋንቋም ከነባህሉ ወደ ፍተሻው ተመለሰ።

የትውልድ ቀን የሚሞላበትን ገጽ እንውሰድ። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር «ፌብሩዋሪ 30» ውድቅ መሆን ያለበት የታወቀ የፍተሻ ግብዓት ነው። ሞዴሉ ይህን ልማድ ይዞ «የካቲት 30 ተቀባይነት የለውም» ብሎ ቢጽፍ፣ ቀኑን በትክክል የተቀበለው ፕሮግራም ስሕተተኛ ይባላል። ጳጉሜን 6 ደግሞ በዘመነ ሉቃስ ብቻ የሚገኝ ቀን ነው፦ በ2015 ዓ.ም. ነበረ፣ በ2016 ዓ.ም. አልነበረም። ምስሉ ይህን አይናገርም። በአማርኛ የተጻፈ ገጽ ሁሉ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይከተላል ማለትም አይቻልም። ኢሌን ዌዩከር በ1982 ትክክለኛ ውጤቱን የሚነግር ዳኛ ስለማይገኝላቸው ፕሮግራሞች ጽፋ ነበር፤ ችግሩ እዚህ በአዲስ መልክ ይታያል፤ ዳኛው አለ፣ የሚፈርደው ግን በሌላ አገር ካላንደር ነው።

ጽሑፉን መገልበጥም ቀላል አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ሁለት ነጥብ (፡) የራሱን ኮድ አገኘ። በምስል ላይ ከላቲኑ ሁለት ነጥብ ለመለየት ያስቸግራል፤ ፍተሻው ግን የሚያነጻጽረው ኮዱን ነው። ሞዴሉ አንዱን በሌላው ቢተካ ጤነኛው ገጽ ይወድቃል።

ከዚህ የሚከብደው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። በአንድ መተግበሪያ አንዱ ገጽ «ሥራ»፣ ሌላው «ስራ» ቢል አንባቢ ሁለቱንም ያልፋቸዋል። የፍተሻ ጉዳዩ ግን የሚጠበቀውን ቃል በአንድ አጻጻፍ መመዝገብ ስላለበት፣ ሞዴሉ የመረጠው ሆሄ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት ሆኖ ይመዘገባል። ፕሮግራም አውጪውም ፍተሻው እንዲያልፍለት ገጹን ያስተካክላል፤ የሥነ ጽሕፈት ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የተከራከሩበት ጥያቄም ማንም ሳይመክርበት በአንድ ፋይል ውስጥ ይወሰናል።