የቤት ልብስ ያላገኘው ፊደላችን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልጄ የልደት ጥሪ ወረቀት በእንግሊዝኛና በአማርኛ አዘጋጅ ነበር። ለእንግሊዝኛው ኮሚክ ሳንስ የተባለውን፣ በእጅ የተጻፈ የሚመስለውን ፎንት መረጥኩ። አማርኛውን ግን ኮምፒውተሬ ላይ ባሉት ፎንቶች ሁሉ ብሞክረው የቀበሌ ማስታወቂያ መሰለብኝ። «ኑ፣ ኬክ እንብላ» ያልኩት «በተጠቀሰው ቀን እንድትቀርቡ» የሚል ይመስላል። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና ምክንያቱን ልፈልግ ተነሣሁ።

የኮሚክ ሳንስ ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የማይክሮሶፍት ባልደረባ የነበረው ቪንሰንት ኮኔር፣ «ቦብ» የተባለ የጀማሪዎች ፕሮግራም ሲመለከት አንድ የካርቱን ውሻ በታይምስ ኒው ሮማን ሲናገር አየ። ለጋዜጣ የተቀረጸ ፊደል ለውሻ አፍ አልገጠመም። ስለዚህ የካርቱን መጻሕፍትን አይቶ አዲስ ፊደል ቀረጸ። ለቦብ ባይደርስም በ1995 ከዊንዶውስ 95 ተጨማሪ ጥቅል ጋር ወጣና ዓለምን አዳረሰ። ያለቦታው ሲገባ ግን ተሳቀበት። በ2012 የሂግስ ቅንጣት መገኘት በሰርን ሲበሠር የፋቢዮላ ጃኖቲ ገለጻ በዚሁ ፊደል በመጻፉ ብዙዎች ግኝቱን ትተው ስለ ፊደሉ አወሩ። ቁም ነገሩ፣ ፊደል ልብስ ነው፤ አንባቢ ቃሉን ከማንበቡ በፊት ልብሱን ያያል።

ወደ ራሳችን ፊደል እንመለስ። ግዕዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ፣ ዮሐንስ ፖትከን ባሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ሞዴሉ የብራና ቁም ጽሕፈት ነበር። ብራናውም ቢሆን የራሱ ዓይነቶች ነበሩት፤ የጎንደር ዘመን ነገሥታት መጻሕፍት በጉልሕ፣ ሌሎች በረቂቅ ይጻፉ ነበር። ሁለቱም ግን የክት ልብስ ናቸው። ሰው ለዘመዱ እየቸኮለ የሚጽፍበት የእጅ ጽሕፈት ወደ እርሳሱ ፊደል አልገባም ማለት ይቻላል።

ኮምፒውተርም ይህንኑ ወረሰ። ለዚህ የሙያ ምክንያት አለው። የእንግሊዝኛ ፊደል ትልቁም ትንሹም ቢደመር 52 ነው፤ የእኛ 33 ሆሄያት በ7 ሲባዙ 231፣ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የደከሙት ወገኖቻችን ቀዳሚ ጭንቀት ፊደሉ ጨርሶ እንዲነበብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ፊደላችንን ሲያካትት ለየሆሄው ቁጥር ሰጠው እንጂ መልክ አልሰጠውም። ዛሬ የእጅ ጽሕፈት የሚመስሉ ፎንቶች መሠራት ቢጀምሩም ጥቂቶች ናቸው።

«ታዲያ ለልደት ወረቀት ይህን ያህል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ከወረቀቱ ያልፋል። አባቴ «መ»ን ብዕሩን ሳያነሣ እንደ ተኛ የፈረንጅ ስምንት ይጠመዝዘው ነበር። የቅዳሜ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረችው ልጄ የታተመ አማርኛ አቀላጥፋ ታነባለች። የአያቷን ደብዳቤ ባሳየኋት ጊዜ ግን «ይሄ አማርኛ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

የብራና ጽሕፈታችን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም ሲቀረጽ ቆይቷል፤ ያስመሰግናል። የእናት አባቶቻችን የእጅ ጽሕፈት ግን በየሻንጣችን እየደበዘዘ ነው። ስለዚህ የአየር መልእክት ፖስታዎቻችሁን አውጡ፣ ስካን አድርጉ፣ ፎንት ለሚሠሩ ወጣቶች አሳዩ። ፊደላችን የክት ልብስ አላነሰውም፤ የቤት ልብስም ይሰፋለት።