ከኤሊንግተን ስም ጀርባ

ዱክ ኤሊንግተን ሲነሳ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር መገናኘቱና ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን መቀበሉ ነው። ያኔ ቢሊ ስትሬይሆርን ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ስትሬይሆርን ከኤሊንግተን ጋር የተዋወቀው በ1938፣ ፒትስበርግ ውስጥ፣ በ23 ዓመቱ ነው። የባንዱ መለያ የሆነውን «ቴክ ዘ ኤ ትሬይን» የደረሰው እሱ ነው። በ1941 የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ከዜማ ደራስያን ማኅበር ጋር በክፍያ ተጣሉና የአባላቱን ሥራ ማሰማት አቆሙ። ኤሊንግተን አባል ነበር፤ ስትሬይሆርን አልነበረም። ስለዚህ ባንዱ በሬዲዮ የወጣቱን ድርሰቶች ይዞ ቀረበ። ብዙ አድማጭ ግን የሰማውን ሁሉ የኤሊንግተን አድርጎ ወሰደው።

ስትሬይሆርን በ1967 በካንሰር ሲሞት ኤሊንግተን በእሱ ድርሰቶች የተሞላ መታሰቢያ አልበም ቀረጸ። ቀረጻው አብቅቶ ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ኤሊንግተን ፒያኖው ላይ ቀረና «ሎተስ ብሎሰም»ን ተጫወተ። የሰዎቹ ጫጫታ ከዜማው ጋር አብሮ ይሰማል።

ይህን ቅጂ ካወቅሁ ወዲህ የአልበም ጀርባ ሳላነብ አላዳምጥም። በድምፃዊው ስም ብቻ የምንጠራቸው የራሳችን ዘፈኖችም የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤት አላቸው።