ኮንከሽን፦ የአንጎል መናወጥ

ኮንከሽን ጭንቅላት ሲመታ ወይም ሰውነት በድንገት ሲናጥ አንጎል ራስ ቅል ውስጥ ተንገጫግጮ ሥራው ለጊዜው የሚዛባበት ጉዳት ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን በኃይል መነቅነቅን ያመለክታል። በአማርኛ «የአንጎል መናወጥ» ቢባል ይስማማዋል። «የአእምሮ መናወጥ» ማለት ግን ያሳስታል፤ ሰሚው ነገሩን ከእብደት ሊቆጥረው ይችላል። «የጭንቅላት ጉዳት» ደግሞ የተፈነከተ ግንባርንም የተሰበረ አጥንትንም ስለሚጨምር እጅግ ይሰፋል። ወተት በቅል ሲናጥ ያየ ሰው ራስ ቅል ውስጥ የሚሆነውን ለመገመት አይቸገርም።

በቦንጋና በካፋ ዞን ገጠሮች መንስኤው ሩቅ አይደለም። ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ ላይ የወጣ ወጣት ይወድቃል፤ ሞተር ሳይክል ይገለበጣል፤ ለአንድ ኳስ የዘለሉ ሁለት ልጆች ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ። «ራሱን አልሳተም፣ ደህና ነው» ብሎ መተው ስህተት ነው፤ አንጎላቸው ከተናወጠ ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸውን አይስቱም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላትና መርሳት ይታይባቸዋል። የተዛባው የሴሎቹ አሠራር ስለሆነ ሲቲ ስካን ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ከምቱ በኋላ ፖታሲየም ከነርቭ ሴሎች ይወጣል፣ ካልሲየም ይገባል። ሚዛኑን ለመመለስ አንጎል ብዙ ግሉኮስ ይፈልጋል፤ ወደ እሱ የሚሄደው ደም ግን በዚያው ሰዓት ይቀንሳል።

እንቅልፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የተቸገረውን አንጎል ሥራ ያቀልለታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተመታውን ልጅ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ቆይቶ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ሊለው ይችላል። እንቅልፍ ያጡ ወጣቶች ራስ ምታታቸው ይበረታል፣ ማገገማቸውም ይዘገያል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይመከራል። በመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ረፍት ማድረግና ስልክ መቀነስ ይጠቅማል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለሳምንት መዝጋት ግን አይረዳም። አብዛኞቹ ወጣቶች በ4 ሳምንት ውስጥ ይድናሉ።

በቡና አገር አንድ ነገር ይጨመራል። ካፌይን ከደም በግማሽ እስኪቀንስ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቡና የጠጣ ተማሪ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊተኛ ሲል ግማሹ ካፌይን ገና ደሙ ውስጥ ነው። እስኪሻለው ድረስ የማታው ስኒ ቢቀርበት ይሻላል፤ በረካው ለእሱ ባይደርስ ማንም አይቀየምም።

የተመታን ልጅ «እንዳይተኛ» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የመቀስቀስ ልማድም አለ። ሐኪም አይቶ ደህና ነው ካለ በኋላ ይህ ፈውሱን መቀማት ነው። አስፈላጊው እንቅልፍን ከራስ መሳት መለየት ነው። ሲጠሩት ተገላብጦ «ተዉኝ» የሚል ልጅ ተኝቷል። ቢነቀንቁትም የማይነቃ፣ ነቅቶም ንግግሩ የሚምታታበት፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ በቦንጋ ገብረጻዲቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ።